ከርክክብ በኋላ የተጀመረው ፍተሻ፦ የአንድ የወተት አቅራቢዎች ማኅበር ጉዳይ

ለምን ተጻፈ

እኛ አገር አብዛኛው የሶፍትዌር ሥራ የሚዘጋው በርክክብ ቀን ነው። ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፋል፣ የመጨረሻው ክፍያ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩን የሚፈትሸው ተጠቃሚው ነው፤ ያውም እየፈተሸ መሆኑን ሳያውቅ። ስህተት ከገጠመው ይደውላል። ካልሆነም ዝም ብሎ ይጎዳል።

ይህ ጉዳይ ግን ሌላ መንገድ ስለሄደ አንድ ማኅበር ነው። ሶፍትዌሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ፍተሻው እንዲቀጥል ተደረገ፤ ሌላ ችግር እስኪመጣ ሳይጠበቅ። እኔ በፍተሻው በኩል ስለነበርኩ ሒደቱን በቅርብ አይቻለሁ። የማኅበሩንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። ለመመዝገብ የፈለግሁት ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለውኃ ቢል፣ ለዕድርና ለቁጠባ ማኅበር ሶፍትዌር የሚሠሩ ሁሉ ያው ነገር ሊገጥማቸው ስለሚችል ነው።

ዳራ

ማኅበሩ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ፣ ሱሉልታ አካባቢ ነው ያለው። አካባቢው ለአዲስ አበባ ወተት በማቅረብ የታወቀ ነው። ከአባላቱ አብዛኞቹ አንድ ወይም ሁለት ላም ነው ያላቸው። ወተት በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ንጋት ላይና አመሻሽ ላይ። ተረካቢው ውኃ አለመቀላቀሉን በላክቶሜትር ያያል። ከተጠራጠረ ጥቂት ወተት ከእኩል አልኮል ጋር ቀላቅሎ መቋጠሩን ይመለከታል። ከዚያ ይለካል፣ ይጽፋል።

ቀድሞ የሚጽፈው ሁለት ቦታ ነበር፦ በራሱ መዝገብና በአባሉ ካርድ። ክፍያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ መዝገቦቹን ከየወተት መረከቢያ ጣቢያው ሰብስባ በካልኩሌተር ትደምር ነበር። ሥራው አድካሚ ነው፤ ክፍያውም ይዘገያል።

በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ሶፍትዌር ተሠራ። ተረካቢው የአባሉን ቁጥርና ሊትሩን በስልክ ያስገባል። ስልኩ መዝገቡን ይይዝና ኔትወርክ ሲያገኝ ወደ ሰርቨር (ወደ ማዕከላዊው ኮምፒውተር) ይልካል። ሰርቨሩ የአሥራ አምስት ቀኑን ሒሳብ ይሠራል፤ ለአባሉም በአጭር መልእክት ያሳውቃል። ከርክክቡ በፊት በጣቢያዎቹ ላይ ሙከራ ተደርጓል። ሁሉም ደህና ነበር።

በርክክቡ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር አጥብቀው ጠየቁ። ካርዱ አይቅር አሉ። የሶፍትዌሩ አልሚዎች አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው ብለው ተከራክረው ነበር። እሳቸው ግን «አባሉ በእጁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል» አሉና ካርዱ ባለበት ቀጠለ። ያ ውሳኔ ኋላ ላይ ጉዳዩን አዳነው።

ችግሩ

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ አንዲት እናት ካርዳቸውን ይዘው ጣቢያው መጡ። የደረሳቸውን መልእክት የልጅ ልጃቸው አንብባላቸዋለች።

«ልጄ፣ ካርዱ ላይ አራት ጠዋት አራት ማታ ነው የሚለው። እዚህ ግን የማታው የለም።»

«እማማ፣ እኔ ሁለቱንም አስገብቻለሁ። እዚሁ ፊትዎ ነው የጻፍኩት።»

«እሱን አይቻለሁ። ታዲያ የት ገባ?»

ተረካቢው መልስ አልነበረውም። ሰልፉ ላይ የነበሩ ሰዎች ሰምተዋል። በማግስቱ ሌላ አባል ካርዱን ይዞ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ወሬው ሳምንት አልሞላውም። ተረካቢው ልጅ የማታ ወተት ለሻይ ቤት እየሸጠ ነው ተባለ። ከአመራር ኮሚቴው አንዳንዶቹ ለጊዜው ከሥራ ይታገድ አሉ።

ሶፍትዌሩን ማንም አልጠረጠረም። ሦስት ወር ያለ እንከን ሠርቷል፤ ሲደምር አይሳሳትም። ሰው ግን ይሰርቃል። የኮምፒውተር ስህተት እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ስህተት ተብሎ አይታይም። የሰው ስም ላይ ነው የሚያርፈው። ሥራ አስኪያጁ ከዕገዳው በፊት መዝገቡ ይታይ በማለታቸው ወደ እኛ ተደወለ።

ምክንያቱ

የጠፉትን መዝገቦች ከካርዶቹ ጋር ስናስተያይ ሁሉም አንድ የሚጋሩት ነገር ነበራቸው። መብራት ቀኑን ሙሉ በጠፋባቸው ቀናት የተመዘገቡ ናቸው። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ በአካባቢው ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የጠዋቱና የማታው መዝገብ ስልኩ ላይ ቆይቶ ማታ ወይም በማግስቱ በአንድ ጊዜ ይላካል።

ሰርቨሩ ላይ ደግሞ አንድ ደንብ ነበር። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ተረካቢው «ላክ» የሚለውን ደጋግሞ ይጫናል፤ መዝገቡም ይደገማል። ይህን ለመከላከል አልሚዎቹ እንዲህ አደረጉ፦ በአንድ ጭነት ውስጥ (ስልኩ በአንድ ጊዜ በላከው ውስጥ) የአንድ አባል፣ የአንድ ቀን፣ እኩል ሊትር ሁለት ጊዜ ከመጣ አንዱ ይጣል። መዝገቡ ቀኑን እንጂ ሰዓቱን አይዝም ነበር። የእኚያ እናት አራት ሊትር ጠዋትና አራት ሊትር ማታ በአንድ ጭነት ሲመጣ ለሰርቨሩ ድግም ነው።

ከርክክቡ በፊት ይህ ለምን አልታየም? ሙከራው የተደረገው በበጋ ነው፤ መብራትም ኔትወርክም ነበር። ለሙከራ የገቡት ቁጥሮችም የተለያዩ ነበሩ፤ ሦስት ተኩል፣ ስድስት፣ ሁለት። ለሙከራ ቁጥር የሚያስገባ ሰው ሳያስበው ይለዋውጣል። እውነተኛው ኑሮ ግን አይለዋውጥም። መለኪያው በግማሽ ሊትር ነው የሚጠጋጋው። አንድ ላም ያላት እናት በዚያው ጄሪካን ጠዋትም ማታም ትመጣለች። ብዙ ጊዜ የጠዋቱ ይበዛል፤ እኩል የሚሆንበት ቀን ግን አይጠፋም። እነዚህ ነገሮች ካልተገጣጠሙ ስህተቱ አይወጣም፤ ሲገጣጠሙ ደግሞ በብዛት የሚጎዳው ጥቂት ወተት ያለውን አባል ነው።

ማረሚያው ትንሽ ነበር። እያንዳንዱ መዝገብ ስልኩ ላይ በገባበት ቅጽበት የራሱ መለያ ቁጥር እንዲያገኝ ተደረገ። ድግም የሚባለው መለያው ከተደገመ ብቻ ነው። የጠፋው ወተት ከካርዶቹ ተነሥቶ ተሰላና ተከፈለ። ሥራ አስኪያጁ በአባላት ስብሰባ ላይ ተረካቢውን አቁመው ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበረ በግልጽ ተናገሩ። በማረሚያው ብቻ ቢያልፉት ኖሮ ልጁ ዕድሜ ልኩን የተጠረጠረ ሆኖ ይኖር ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ከስብሰባው በኋላ ሥራ አስኪያጁ አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «እኚህ እናት ካርዳቸውን ባያስተያዩ ኖሮ እናንተ መቼ ታውቁት ነበር?» መልሱ ግልጽ ነበር። አናውቅም። ሥራ ላይ ያለውን ሶፍትዌር ሆን ብሎ የሚፈትሽ ሰው አልነበረም። የቀጠልነው ከዚህ ጥያቄ ተነሥተን ነው።

መጀመሪያ አንድ የሙከራ አባል በእውነተኛው ሰርቨር ላይ ተመዘገበ። እንደማንኛውም አባል ቁጥርና ካርድ፣ በማኅበሩ ስም የወጣ ሲም ካርድም አለው። ተረካቢው በየቀኑ አስቀድሞ የተወሰነ ሊትር ያስገባለታል፤ ጠዋትም ማታም እኩል። በአሥራ አምስት ቀኑ የሚመጣው ድምር አስቀድሞ ይታወቃል። አንዲት ግማሽ ሊትር ብትጎድል የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሲሙ የገባው በኮሚቴው ስማርት ስልክ ሳይሆን በተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ አብዛኞቹ አባላት የሚይዙት እሱን ስለሆነ። ይህ ምርጫ ቶሎ ዋጋውን አሳየ። ነሐሴ ላይ አንድ ማሻሻያ ወጥቶ መልእክቱ ላይ የሰላምታ ቃል ተጨመረ። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል እስከ 160 ምልክት ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፤ ካለፈ ለሁለት ይከፈላል። በኦሮምኛ የሚቀበሉት አባላት መልእክት በቁቤ ስለሚጻፍ አንድ ላይ የሚደርስ ነበር። የአማርኛው ተቆረጠ። የሙከራው ስልክ ላይ የመጣው ሰላምታውና ስሙ ብቻ ነበር፤ የብሩ መጠን ዘግይቶ በሌላ መልእክት መጣ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ያየችው ለአባላቱ ከመላኩ በፊት ነው። ሰላምታው ወጣ፣ ብሩ ወደ ፊት መጣ።

ሁለተኛው የቅዳሜ የካርድ ፍተሻ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ወተት ሊያስረክቡ ከመጡት አባላት ጥቂት ካርዶች በዕጣ ትወስዳለች፤ ከሰርቨሩ ጋር መስመር በመስመር ታስተያያለች። ብዙ ነገር የተገኘው ከዚህ ነው። አንድ አባል «ኃይሉ» ተብሎ ሌላ ጊዜ «ሀይሉ» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ተገኘ፤ የመፈለጊያው ሳጥን ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደተለያዩ ፊደላት ያያቸዋል። በ07 የሚጀምር ስልክ ያላቸው ወጣት አባላት መልእክት እንደማይደርሳቸውም የታወቀው በዚሁ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ቢሆንም ቅጹ ከቀድሞ ሥራ ተቀድቶ ስለነበር በ09 የሚጀምረውን ብቻ ነበር የሚያውቀው። ሁለቱም በቀላሉ ተስተካከሉ።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠሩን ቀድሞ መሄድ ነው። የሶፍትዌሩ ቅጂ በሌላ ሰርቨር ላይ ተጫነና ቀኑ ወደፊት ተገፋ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሆነን ጳጉሜን አየን። የክፍያው ወቅት ከ1 እስከ 15 እና ከ16 እስከ 30 ነበር። የጳጉሜ ወተት ይመዘገባል፤ ክፍያ ውስጥ ግን የትም አይገባም። ከዚህ ሌላ 2015 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን ናት። የቀን መምረጫው ደግሞ አምስት ላይ ያበቃል። ጳጉሜ 6 የመጣ ወተት ጨርሶ ሊመዘገብ አይችልም ነበር።

እንዲህ ያለው ስህተት የትንንሽ ድርጅቶች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ሰርቨር በኢንተርኔት የሚያከራየው የማይክሮሶፍት አዙር አገልግሎት ለሰዓታት የተቋረጠው በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው። ሥርዓቱ የአንድ ዓመት ዲጂታል ምስክር ወረቀት (ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚተዋወቁበትን) ሲያወጣ ዓመቱ ላይ አንድ ደመረና የሚያበቃበትን ቀን ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2013 አለው። እንዲህ ያለ ቀን የለም።

ማኅበሩ ላይ ጉዳዩ ቀድሞ ስለታወቀ ኮሚቴው ተወያይቶ ለመወሰን ጊዜ አገኘ። የጳጉሜ ወተት ለብቻው በአጭር ወቅት ተሰልቶ ከእንቁጣጣሽ በፊት እንዲከፈል ወሰኑ። ይህ የፕሮግራመር ውሳኔ አይደለም። ሰው ለበዓል ገንዘብ እንደሚፈልግ የሚያውቀው ኮሚቴው ነው።

አራተኛው ሆን ብሎ ማቋረጥ ነው። ስልኩን ከኔትወርክ ማውጣት፣ መዝገብ እየገባ ባትሪውን ማጥፋት፣ ያልተላከ መዝገብ እያለ አፑን ማሻሻል። ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳየው ኔትፍሊክስ የራሱን ሰርቨሮች ሥራ ላይ እያሉ የሚያጠፋ ፕሮግራም ሠርቶ ካኦስ መንኪ ብሎታል፤ ሐሳቡ ያው ነው። ባትሪው ሲያልቅ የመጨረሻው መዝገብ እንደሚጠፋ የታወቀው በዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ አፑ «ተመዝግቧል» የሚለው መዝገቡ ስልኩ ላይ በትክክል ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ነው።

ያልሠራው

የሙከራ አባሉ ወተት የሌለ ወተት ነው። መጀመሪያ ላይ ግን በጣቢያው ጠቅላላ ድምር ውስጥ ገባ። ለወተት ማቀነባበሪያው የተላከው ሪፖርት መኪናው ላይ ከተጫነው በለጠ፤ ገዢው ጥያቄ አነሣ። የሙከራ መዝገብ ልዩ ምልክት እንዲኖረውና ከማንኛውም ሪፖርት እንዲወጣ እስኪደረግ ድረስ ለተወሰኑ ቀናት ፍተሻው ቆመ።

የማስጠንቀቂያው ሥርዓትም አልሠራም። ሰርቨሩ ከጣቢያ ምላሽ ባጣ ቁጥር በቴሌግራም ግሩፕ መልእክት እንዲልክ ተደርጎ ነበር። ኔትወርኩ በቀን ስንት ጊዜ ይቆራረጣል። ሁሉም ግሩፑን ድምፅ አጠፉበት። ሌላው ማስጠንቀቂያ የቀኑ ወተት በግማሽ ሲቀንስ የሚጮኽ ነበር። ፍልሰታ ገባ፤ የወተት ፈላጊው ቀነሰ፤ ገዢው የሚወስደው አነሰ፤ ማኅበሩም የሚረከበውን ቀነሰ። ማስጠንቀቂያው በየቀኑ ጮኸ። ጾም መሆኑን አያውቅማ! ሁለቱም ተነሥተው በአንድ ተተኩ፦ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ከአንድ ጣቢያ ምንም መዝገብ ካልደረሰ ሒሳብ ሠራተኛዋ ስልክ ላይ መልእክት ይገባል። እሷ ተረካቢውን ትደውላለች። ይሄኛው እስካሁን አለ።

የማቋረጥ ሙከራው አንዴ በርክክብ ሰዓት ተደርጎ ሰልፍ ተፈጠረ። ወተት ይዞ የቆመ ሰው አይጠብቅም፤ ወተቱም አይጠብቅም። ከዚያ በኋላ ወደ ቀን ስድስት ሰዓት ተዛወረ፤ ጣቢያው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የተረካቢዎቹ ቅሬታ ነበር። የቅዳሜው ፍተሻ በእነሱ ላይ የተደረገ ስለላ መሰላቸው። ሐምሌ ላይ የሆነውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትክክለኛ ስሜት ነው። መፍትሔው ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ካርዱና ሰርቨሩ ሲስተያዩ ተረካቢው አብሮ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ልዩነት ከተገኘ መጀመሪያ የሚመረመረው ሶፍትዌሩ ነው፤ ይህም በጽሑፍ ተደረገ። የሐምሌው ተረካቢ ዛሬ ልዩነት ፈልጎ በማግኘት ከሁሉም ይቀድማል።

ፍተሻው ጨርሶ ያላየውም አለ። አንድ አባል ሲያርፉ ላማቸውና ካርዳቸው ለልጃቸው ተላለፈ። ልጁ በአባቱ ቁጥር እያስረከበ ቆየ። ክፍያው ወደ ሟች የባንክ ሒሳብ ሲገባ ነው የታወቀው፤ ገንዘቡን ለማውጣት የወራሽነት ማስረጃ አስፈለገ። ከእኛ ማንም እንዲህ ያለውን አላሰበም። የነገረን ልጁ ራሱ ነው።

ለሌሎች የሚተርፍ ትምህርት

በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ከሶፍትዌሩ ውጪ ያለ ምስክር ነው። እዚህ ካርዱ ነበር። ሌላ ቦታ ደረሰኝ፣ የገንዘብ ያዥ ደብተር፣ የውኃ ቆጣሪው ንባብ ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌርን በራሱ ሪፖርት መፈተሽ አይቻልም፤ የጣለውን መዝገብ ራሱም አያውቀው። ወረቀቱን ለማስቀረት የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ በምን እንደሚያስተያይ ይወስን።

የፍተሻው ቀጠሮ ከአገሩ ኑሮ ይነሣ። ክረምት፣ ጾም፣ ጳጉሜ፣ የበጀት ዓመት የሚለወጥበት ሐምሌ 1፣ የበዓል ዋዜማ ክፍያ። ሶፍትዌሩ በእነዚህ ቀናት የሚሆነው በሚያዝያ የተለመደ ማክሰኞ ከሚሆነው ይለያል። ቀኖቹ አስቀድመው ይታወቃሉ። ስለዚህ ከመድረሳቸው በፊት መሞከር ይቻላል።

የሙከራ ዳታ እውነተኛውን ሰው ይምሰል። ቁጥሩም፣ ስልኩም፣ የስሙ አጻጻፍም። ሥራ ላይ ባለው ሰርቨር ላይ ሲገባ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ምልክት ይኑረው። የአባላት መዝገብ ለሙከራ ተብሎ አይነካ።

ማስጠንቀቂያ ሲዘጋጅ የሚደርሰው ሰው ማን እንደሆነና ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግ ይታወቅ። ይህ ካልተመለሰ ባይኖር ይሻላል።

የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ውል ከርክክብ በኋላ ያለውን ሥራ «ጥገና» ይለዋል፤ ጥገና ደግሞ የሚጀመረው ሲሰበር ነው። ማኅበሩ ውሉን ሲያድስ ፍተሻን ለብቻው አንድ አንቀጽ አደረገው፦ በየወሩ የተወሰነ ሰዓት፣ የሚፈተሹት ነገሮች ዝርዝር፣ ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ የሙከራ አባሉ ሙሉ የክፍያ ዙር። ዝርዝሩ ላይ የ2019 ጳጉሜ 6 ከወዲሁ ተጽፏል። አዲስ ውል የመፈራረም አቅም የሌለው ማኅበር ደግሞ በሙከራ አባሉና በቅዳሜው ካርድ መጀመር ይችላል። ወጪው አንድ ሲም ካርድ፣ አንድ ባለ ቁልፍ ስልክና የአንድ ሰው የቅዳሜ ጠዋት ነው።